ስም ጠያቂዎቹ

ጡረታ የወጣሁ ዕለት የጣቢያችን ልጆች ጋቢ አልብሰው፣ ኬክ አስቆርሰው፣ መሐላቸው አስቀምጠው "ጋሼ፣ በዚህ ሁሉ ዓመት ከሠሯቸው ዜናዎች የሚኮሩበት የትኛው ነው?" አሉኝ። ስለ አንድ ድልድይ አወራሁላቸው። ክረምት በመጣ ቁጥር ሰው የሚወስድ ወንዝ ነበር፤ እየደጋገምን ዘገብን፣ ድልድዩ ተሠራ። አጨበጨቡልኝ። ጋቢዬን እየጎተትኩ ወደ ቤቴ ወደ ጎንደሩ ቀሐ ሰፈር ስወርድ መንገዱን ሙሉ በራሴ እየተናደድኩ ነበር። ድልድዩ እውነት ነው፣ ዛሬም ሰው ይሻገርበታል። ያን ሁሉ ዓመት በሆዴ ይዤው የኖርኩት ዜና ግን ሌላ ነው። አርባ ሰከንድ የማትሞላ እርማት ናት። ስጽፋት ኮርቼባት ነበር።

አሁን ጊዜ አለኝ፣ የሚያስቸኩለኝ አለቃም የለም፤ ልጽፈው ነው። አንድ ነገር ብቻ አስቀድሜ ልናገር። እዚህ ውስጥ የሚመጡትን የባልና ሚስቱን ስም አልጽፍም፣ የመንደራቸውንም አልጽፍም። ስም የሚደብቅ ጋዜጠኛ ምን ዓይነት ነው የሚል ሰው ካለ ትንሽ ይታገሠኝ።

ሥራውን ያስተማሩኝ ጋሽ አድማሱ የሚባሉ አዘጋጅ ናቸው። የቁስቋም ሰው ናቸው፤ አባታቸው የደብሩ መሪጌታ ነበሩ፣ እሳቸውም ዳዊት ደግመው፣ ዜማ ጀምረው ነው ወደ ዓለማዊው የወጡት። ጽሑፍ አያነቡም፤ ይሰማሉ። ወረቀቴን ይዤ ፊታቸው ስቆም "አንብብ" ብለው ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። የኮታቸውን ኪስ የሽምብራ ቆሎ አያጣውም፤ ያለቦታው የገባ ማሞገሻ ወይም ማዋረጃ ቃል በሰሙ ቁጥር አንዲት ሽምብራ አውጥተው ይቆረጥማሉ። "ከፍተኛ" ስል፣ ቋ። "አሳሳቢ" ስል፣ ቋ። በመጀመሪያው ወር እኔ አንብቤ ስጨርስ እሳቸው ምሳቸውን በልተው ጨርሰዋል። ከስድብ የምትብስ ድምፅ ነበረች። እኔ ደግሞ ቶሎ የሚቆጣ ሰው ነኝ፣ አንድ ቀን ወረቀቱን ጠረጴዛቸው ላይ ወርውሬ ወጣሁ። "ስትመለስ በሩን ዝጋው፣ ይበርዳል" አሉኝ ዓይናቸውን ሳይገልጡ። ተመልሼ ዘጋሁት።

ሁለተኛ ልማድ ነበራቸው። ስለ ሰው የሚያወራ ዜና ሁሉ ሁለት ጊዜ ይነበባል። መጀመሪያ እንደተጻፈ ይነበባል። ከዚያ "አሁን እኔን አስገባ" ይላሉ። የሰዎቹን ስም አውጥቼ የእሳቸውን ስም፣ የሰዎቹን አገር አውጥቼ ቁስቋምን አስገብቼ እንደገና አነባለሁ። ምላሴ ከተያዘ ዜናው አልበሰለም ማለት ነው። ቀላል ነገር ይመስላል፤ ሞክሩት።

ይህ ልማድ መጀመሪያ የገባኝ መተማ ቆላ ተመድቤ በነበርኩ ጊዜ ነው። ሁለት ዓመት ከሙቀትና ከወባ ጋር እዚያ ቆየሁ፤ የበረሃ አበሉን ነገር አላነሣም፣ ለመድኃኒት ነው ያለቀው። በጋ ሲሆን ከድንበር ማዶ ከብት አርቢዎች ሣርና ውሃ ፍለጋ መንጋቸውን እየነዱ ይገባሉ። እኛ የምንጽፈው አንድ ዓይነት ነበር፦ "ዘላኖች ሰርገው ገቡ።" እኔም እንደሰው ያንኑ ጽፌ በስልክ አነበብኩላቸው።

"አሁን እኔን አስገባ" አሉ ጋሽ አድማሱ።

"የቁስቋሙ አድማሱ ከከብቶቹ ጋር ሰርጎ..." ብዬ ቆምኩ።

"አጎቴ ማክሰኝት ገበያ ከብት እየነዳ ሲመጣ ሰርጎ ገባ ትላለህ?"

"አልልም።"

"ከሰዎቹ ከአንዱ ጋር አውርተሃል?"

"ቋንቋቸውን አላውቅም፣ ጋሼ።"

"አስተርጓሚ ጠፋ?" አሉና በስልኩ ውስጥ፣ ቋ።

በማግስቱ አስተርጓሚ ይዤ ሰፈራቸው ሄድኩ። የመንጋው ባለቤት ሽማግሌ ከሁሉ አስቀድመው የጠየቁኝ ከብቶቼ እንዴት ከርመዋል ብለው ነው። ከብት የለኝም ስላቸው ከልባቸው አዘኑልኝ፤ ወተትም አስቀዱልኝ። ከዚያ በኋላ ስለ እነሱ ስጽፍ የሽማግሌው ፊት እየመጣብኝ "ሰርገው ገቡ" የምትል ቃል ከእጄ አትወጣም አለች። ተማርኩ ብዬ ነበር።

ዓመታት አለፉ፣ ጋሽ አድማሱ ጡረታ ወጡ፣ እኔ ጎንደር ተመልሼ ወንበራቸው ላይ ተቀመጥኩ። ጠረጴዛው ስንጥቅ ውስጥ የሽምብራ ገለባ ነበረ፤ አስጠረግሁት። ሰው አዲስ ወንበር ላይ ሲቀመጥ የሚሠራው ጅልነት ነው።

በዚያው ዓመት መኸሩ ከተሰበሰበ በኋላ እዚሁ ከተማ አንድ የጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ ቤት ተሰብሮ ተዘረፈ። ጎረቤቶቹ ለፖሊስ የሰጡት ቃል ደረሰኝ፦ ስርቆቱ ከመፈጸሙ ከሁለት ቀን በፊት ላሊበሎች ሰፈሩ ውስጥ ታይተዋል፣ የነጋዴውን፣ የሚስቱንና የልጆቹን ስም አንድ በአንድ ሲጠይቁ ነበር።

ላሊበሎች በየቤቱ ደጅ ቆመው በዜማ የሚለምኑት ሰዎች ናቸው፤ እኛ አገር ሐሚና የሚላቸውም አለ። ጎህ ሳይቀድ ይመጣሉ፣ ፀሐይ ሳትወጣ ይሄዳሉ፣ ፊታቸውን በነጠላ ሸፍነው ነው የሚያዜሙት። ከአገር አገር ይዞራሉ። የሰጣቸውን በስሙ እየጠሩ ይመርቃሉ፤ የነፈጋቸውንም በስሙ ይሸነቁጡታል። ታዲያ ስሙን ከየት ያምጡት? ከጎረቤት፣ ከዘበኛ፣ ከባለሱቅ ይጠይቃሉ። ካላዜሙ የሥጋ ደዌ ይወርድባቸዋል ብሎም ሰው ያወራል። ይህን ሁሉ ከሕፃንነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። እናቴ ራሷ ስማችንን ለጎረቤት "ለላሊበላዎቹ ንገሪልኝ" ብላ ትልክ ነበር፤ ልጆቿ በስማቸው እንዲመረቁላት።

አውቀዋለሁ፣ ግን የምሳ ሰዓት ዜና ሊደርስ ሃያ ደቂቃ ቀርቶት ነበር። "ላሊበላ በመባል የሚታወቁ ተንቀሳቃሽ ለማኞች ስርቆቱ ከመፈጸሙ በፊት የቤተሰቡን ሙሉ ስም ሲያጣሩ እንደነበር ተገለጸ" ብዬ ጻፍኩ። ስለ ደዌውም ለማብራሪያ ብዬ አንድ ዐረፍተ ነገር ጨመርኩ። በመጨረሻም ከራሴ አውጥቼ "ኅብረተሰቡ ለማያውቀው ሰው የቤተሰቡን ስም ከመስጠት እንዲቆጠብ" የምትል አስገባሁ። ኃላፊያችን ያቺን መጨረሻ ወደዳት፤ በሦስቱም የዜና ሰዓት እንድትደገም አዘዘ። ጋሽ አድማሱን አስገብቼ አላነበብኩም። ጊዜ አልነበረም አልኩ ለራሴ። እውነቱን ለመናገር ጊዜማ ነበረ።

በሦስተኛው ቀን የማክሰኝት ገበያ ነበር። አንድ ላሊበላ ከሚስቱ ጋር ሆኖ ለማግስቱ ንጋት የሚያዜሙበትን ቤት ለመለየት ከአንዲት እህል ሻጭ የባለወፍጮውን ስም ይጠይቃል። ሴትዮዋ የእኔን ዜና ሰምታ ኖሮ "ስም ጠያቂዎቹ እነዚህ ናቸው" ብላ ትጮሃለች። ገበያው ተነቃነቀ። ሰውየውን በዱላ ሲቀጠቅጡት ግራ ክንዱ ተሰበረ፤ ፖሊስ ባይደርስ ኖሮ አይተርፍም ነበር። ያስጣሉትና ያሰሩት በአንድ ላይ ነው።

ይህን የነገረችኝ ሚስቱ ናት። በማግስቱ እኩለ ቀን ላይ የጣቢያችን በር ላይ መጣች። ዘበኛው ጠርቶኝ ስወጣ አጥሩ ጥግ ተጣብቃ ቆማለች፤ ፀሐዩን እንዳልለመደ ሰው ዓይኗን ታርገበግባለች፣ ነጠላዋን አፍንጫዋ ድረስ ስባዋለች። ያን ጊዜ አርባ ዓመት ቢሆናት ነው።

"ያንን ነገር በራዲዮ የተናገሩት ሰውዬ እርስዎ ነዎት?" አለችኝ።

"ምን ፈለግሽ?"

"ባሌ ታስሯል። ፖሊሱን ምን አጥፍቶ ነው ብዬ ብጠይቀው በራዲዮ ሰማን አለኝ። የራዲዮው ሰው ማን ነው ብዬ መጣሁ። ስምዎ ማን ነው?"

ስሜን በቀን ሦስት ጊዜ በአየር የምለፍፍ ሰው፣ ለእሷ መናገር ፈራሁ። "ስሜ ምን ያደርግልሻል?" አልኳት። ያን ስል ራሴን ሰማሁት፤ ያስተላለፍኩት ማስጠንቀቂያ በገዛ አፌ ተመልሶ መጣ። አፈርኩ። ስሜን ግን አሁንም አልነገርኳትም።

ከሰዓት በኋላ ሚኒባስ ይዘን አብረን ወደ ማክሰኝት ወረድን። ሌላው ተሳፋሪ እንዳያስቸግራት አጠገቧ እኔ ተቀመጥኩ። ፖሊስ ጣቢያው ውስጥ አዛዡ መዝገቡን ገልብጦ አሳየኝ። "ምንም የተገኘበት የለም" አለኝ። "ግን ዛሬ ብለቀው መናኸሪያው ላይ ይገድሉታል። ማን እንደሚመታው እንኳ አላውቅም፣ ከተማው በሙሉ ተቆጥቷል። ነገሩን ያመጣው ራዲዮው ነው፣ ራዲዮው ያንሣልኝ።"

ሰውየውን በመስኮት አየሁት። ክንዱን በመቀነት አስረውለታል፣ ግድግዳውን ተደግፎ መሬት ላይ ተቀምጧል። ቀና ብሎ አየኝና በአንገቱ እጅ ነሳኝ፤ ማን እንደሆንኩ አያውቅም።

ተመልሼ ኃላፊዬን እርማት እናውጣ አልኩት። "ፖሊስ የሰጠንን ነው የዘገብነው፤ ራሳችንን ሌባ አናስብልም" አለ። ተጨቃጨቅን። አራት ቀን ሙሉ ተጨቃጨቅን፤ ሰውየው በእነዚያ አራት ቀናት ወጌሻ ሳያየው እዚያው ወለል ላይ ነበር። እሷ ለባሏ ስንቅ ይዛ በበሩ ትመላለሳለች፣ ልጆች ድንጋይ ይወረውሩባታል። በአምስተኛው ቀን እውነተኛው ሌባ ተያዘ፤ ከወራት በፊት የነጋዴውን ቤት ጣሪያ የጠገነ የከተማችን ሰው ነበር፣ ጨርቁን ሲሸጥ ነው የተገኘው።

"ተገላገልን" አለ ኃላፊዬ። "ሌባው ተያዘ ብለህ ጻፍ። ስለ ላሊበሎቹ አንዲት ቃል እንዳታነሣ።"

"ካልተነሣማ ሰውየው አይወጣም።"

"እሱ የፖሊስ ጉዳይ ነው።"

መታወቂያዬን ከአንገቴ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩለት። ሦስት ልጅ እያሳደግሁ፣ የቤት ኪራይ እየከፈልኩ ያን ማድረጌ ዛሬም ይገርመኛል። መታወቂያውን አየው፣ እኔን አየኝ፣ አገላበጠው። "ከአንድ ደቂቃ ካለፈ አላስተላልፈውም" አለ በመጨረሻ።

ያን ማታ ድል ያደረግሁ መሰለኝ። በማግስቱ ጧት እርማቱን በወጉ ለመሥራት ማክሰኝት ሄድኩ። በወጉ ማለት ለእኔ ሙሉ ስም፣ ዕድሜና የመኖሪያ አካባቢ ነው። ሰው በስሙ ከተበደለ በስሙ ይካሳል፤ ስም የሌለው እርማት ማንን ያነጻል? ሴትዮዋን ግቢው ውስጥ አገኘኋትና ማስታወሻዬን አወጣሁ።

"ስማችንን ይተዉት፣ የኔ ጌታ" አለችኝ።

"እንዴት ይተዋል? ስሙ እንዲጠራ እኮ ነው ይህን ሁሉ የተጣላሁት።"

"ሌቦቹ ላሊበሎች አይደሉም ይበሉልን፣ ይበቃናል። አገራችን አይወቅብን።"

"ባልሽ ምንም አላጠፋም። የሚያሳፍር ነገር የለበትም። አገርሽ ይወቅ እንጂ።"

እጄን ያዘችኝ። መዳፏ የገበሬ መዳፍ ነው፣ ሻካራ፤ ያን ጊዜ ልብ ብዬ ቢሆን ኖሮ ብዙ በነገረኝ። "አይሆንም" አለች፣ "አይሆንም፣ በማርያም።" እኔ መታሰሩን ያፈረች መሰለኝ። እስሩ ነው የሚያሳፍራት፣ ንጽሕናው በስሙ ሲነገር ሐፍረቱ ይጠፋል ብዬ አሰብኩ። እጇን ቀስ ብዬ ከእጄ አላቀቅሁ። ስማቸውንና መንደራቸውን ከፖሊስ መዝገብ ቀዳሁ።

ያን ዕለት ግን የጋሽ አድማሱን ልማድ አልዘለልኩም። በሬን ዘግቼ አነበብኩት፤ ከዚያ ራሴን አስገባሁ። "የቀሐ ነዋሪ የሆኑት አቶ ደሳለኝ ከስርቆቱ ጋር ምንም ግንኙነት የሌላቸው መሆኑ ተረጋግጧል። ጣቢያው ይቅርታ ይጠይቃቸዋል።" ምላሴ አልተያዘም። ደረቴ ተነፋ። ስሜ እንዲህ ቢጠራልኝ ደስ ይለኛል አልኩ። በምሳ ሰዓትና በማታው ዜና ራሴ አነበብኩት፤ የሰውየውን ስም፣ የአባቱን ስም፣ የደጋ መንደሩን ስም፣ ላሊበላ መሆኑንም። በማግስቱ ተፈታ፤ ማንም ዱላ አላነሣበትም። እኔም ለጥቂት ሳምንታት አንገቴን ቀጥ አድርጌ ሄድኩ።

ወር ሳይሞላው ሰውየው ብቻውን ጣቢያው መጣ። ክንዱ ታሽቶ በሽመል ስንጥር ታስሯል። ተደስቼ ወንበር ሰጠሁት፤ ሊያመሰግነኝ የመጣ መሰለኝ። ጫማውን እያየ ጀመረ።

"እኛ አገራችን ገበሬ ነን" አለ። "ሰው ሁሉ በገበሬነት ነው የሚያውቀን። አዝመራ ስንሰበስብ ጠበል ልንጠመቅ ነው ብለን እንወጣለን፣ ሩቅ አገር ሄደን እናዜማለን፣ እንመለሳለን። አባቴም እንዲሁ ነበር። ጎረቤት አያውቅም፤ ቢያውቅ ደዌ አለባቸው ብሎ ከእኛ ጋር እሳት አይጫጫርም።"

ያኔ የሚስቱ ልመና ገባኝ። እሱ ግን መናገሩን ቀጠለ።

"ሴት ልጅ አለችን። ታጭታ ነበር። የልጁ ቤተሰብ ደኅና ገበሬ ናቸው፣ ሸጋ ሰዎች። ጠላው ተጠንስሶ ነበር። እርስዎ የተናገሩትን ወፍጮ ቤት ሆነው ሰሙት። በማግስቱ ሽማግሌ ልከው ቃሉን መለሱ። እኛ ስንደርስ ቤቱ ባዶ ነው። ልጂት የለችም።"

"የት ሄደች?"

"ያወቅን እንደሆነማ ምን እዚህ አመጣኝ?" ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ አየኝ። "ስማችንን አነጹልን፣ እግዜር ይስጥዎ። አሁን ልጄን በራዲዮ ይጥሩልኝ። ራዲዮ ትሰማለች። ግን ስሟን እንዳይጠሩት።"

የጠፋ ሰው ማስታወቂያ ያለ ስም፣ ያለ አገር፣ ያለ መልክ እንዴት ነው የሚነገረው? ስሟን ብጠራው እንደገና አገር ይሰማታል፤ ባልጠራው ለእሷ እንደሆነ በምን ታውቃለች? ለሰውየው ሻይ አስመጥቼለት ወደ ቁስቋም ወጣሁ።

ጋሽ አድማሱ ከደጃቸው ፀሐይ ይሞቃሉ። ዓይናቸው ደክሟል፣ በድምፄ ነው ያወቁኝ። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ራሴን አስገብቼ ማንበቤንም ነገርኳቸው፣ ይህን እንዲያውቁልኝ ፈልጌ። እጃቸው ወደ ኪሳቸው ገባ፤ ሽምብራዋን ግን አወጧትና በጣታቸው እያሹ ያዟት እንጂ አልበሏትም።

"ጥፋቱ የእኔም ነው" አሉ። "እኔን አስገባ፣ እኔን አስገባ እያልኩ አስተማርኩህ። የእኔ ስም በራዲዮ ቢጠራ ቁስቋም ውስጥ ምን ይሆናል? ደብሩ ደስ ይለዋል። የአንተም እንደዚያው። የእነሱ ስም ሲጠራ ማን ይሰማል፣ ሰምቶስ ምን ያደርጋል ብለህ መጠየቅ ነበረብህ። ይህን ግን እኔም አልጠየቅሁም ነበር፤ አላስተማርኩህምም።"

"ሴትዮዋ ነግራኝ ነበር፣ ጋሼ። እጄን ይዛ ነገረችኝ።"

"ነግራህማ ነበር" አሉ። ከዚያ የከፋ ነገር ተናግረውኝ አያውቁም።

ወረቀት አውጥተን አብረን ጻፍነው። ዐሥራ ሦስት ጊዜ ነው የከለሱት፤ በየመሐሉ ሰውየው የነገረኝን ነገር ያስደግሙኛል። የልጂቱ ላም ምን ትባላለች ብለው ላኩኝ፤ ወርጄ ጠየቅሁት፣ ነገረኝ፣ ዳገቱን ተመልሼ ወጣሁ። የላሟን ስም የሚያውቅ ከቤቱ ሰው በቀር የለም። ኃላፊዬ ይህ ዜናም ማስታወቂያም አይደለም አለ፤ ልክ ነው። በማታው ዜና መጨረሻ ላይ ሳላስፈቅድ አነበብኩት፦ "መልእክት አለን። የአባትሽ ክንድ እየዳነ ነው። እናትሽ ደኅና ናት። ላሟ" ብዬ ስሟን ጠራሁ፣ "ወልዳለች። ማንም አልተቆጣብሽም። ብትመለሺ ደስታቸው ነው፤ ባትመለሺም ደኅንነትሽን በሰው ላኪ።" ሦስት ማታ ደገምኩት። ለሦስተኛው ማስጠንቀቂያ ተጻፈብኝ፣ ከማኅደሬ ውስጥ ይገኛል። ከልጂቱ ወሬ አልመጣም። ሰውየውም ተመልሶ አልመጣም።

ከዚያ በኋላ ዐሥራ አምስት ዓመት ያህል ሠራሁ። ጋሽ አድማሱ በመሐሉ ዐረፉ፤ ቁስቋም ቀበርናቸው። ወጣቶቹን ልጆች ስለ ከብት አርቢ፣ ስለ ላሊበላ፣ አገር ለአገር ስለሚዞር ማንኛውም ሰው ሲጽፉ ሁለት ጊዜ አስነብባቸው ነበር፤ ከዚያ "ይህ ሲነገር አገር ቤት ማን ይሰማል?" እላቸዋለሁ። አሰልቺ ሽማግሌ ይሉኝ ነበር፣ ሰምቻቸዋለሁ። ከዚያ ዜና ወዲህ የእኛን ሰፈር ላሊበላ አልረገጠውም። ስም የሚነግራቸው የለማ።

ጡረታ በወጣሁ በሁለተኛው ሳምንት ከቤታችን ፊት ለፊት ያለችውን ባለሱቅ "ስማችንን የሚጠይቅ ሰው ከመጣ ንገሪው" አልኳት። "የእኔን፣ የባለቤቴን የብርቱካንን፣ አብራን የምትኖረው የታናሿ ልጄን የማኅደርንም።" እንዴ፣ ጋሼ አረጁ እንዴ ብላ ሳቀችብኝ። እስክትሰለች ድረስ ስመላለስ አስታወስኳት።

መኸሩ ተሰበሰበ። አንድ ቀን ጎህ ሊቀድ ሲል በዜማ ነቃሁ። ወንዱ ዝቅ አድርጎ ይቀበላል፣ ሴቷ ትመራለች። ስሜን ጠራችው። የብርቱካንን ጠራች። ብርቱካን ተነሥታ ጤፍ በጣሳ ይዛ ወጣች፤ እኔ አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ ብዬ ቀረሁ። የሴቷ ድምፅ አርጅቷል፤ ግን "አይሆንም፣ በማርያም" ያለኝን ድምፅ የትም አውቀዋለሁ። የሰጠ መመረቅ አለበትና ምርቃቱን ጀመረችው። ቤታችንን መረቀች፣ ዕድሜያችንን መረቀች። ከዚያ ማኅደርን በስሟ ጠርታ፣ ለወግ ለማዕረግ እንዲያበቃልን፣ ጠላዋን ጠንስሰን ድንኳኗን ጥለን እንድንድራት በዜማ ለመነችልን። ተነሥቼ ወጣሁ።

ወንዱ አየኝና ዜማውን አቋረጠ። ግራ ክንዱ ጠምማ ቀርታለች። እሷ አላቋረጠችም፤ ዓይኗን ከዓይኔ ሳትነቅል የማኅደርን ምርቃት እስከ መጨረሻው አዜመችው። ከዚያ ነጠላዋን አስተካክላ ጤፉን ወደ ስልቻዋ ገለበጠች።

"የራዲዮው ሰውዬ ቤት ነው አለችን ባለሱቋ" አለች። "ዱሮ ስምዎን ብጠይቅዎ አልነገሩኝም ነበር።"

"ደሳለኝ እባላለሁ" አልኩ፤ አሁን ስታዜመው የሰማሁትን ስም። "ይቅር ይበሉኝ።"

ሰማዩ እየቀላ ነበር፣ መሄድ ነበረባቸው። ስልቻዋን አንሥታ ሁለት እርምጃ ከሄደች በኋላ ቆመች።

"ስለ ላሟ የተናገሩትን ሰምታዋለች" አለች። "በሦስተኛው ዓመት ሰው ላከችብን። ስሟን ለውጣለች፣ አግብታለች፣ ወልዳለች። አዲሱን ስሟን አልነግርዎትም።"

"አይንገሩኝ" አልኳት።

"አገሯንም።"

"እሱንም አይንገሩኝ።"

ራሷን ነቀነቀች። ፊታቸውን ሸፍነው ወደ ወንዙ ወረዱ፤ ብርቱካን ባዶውን ጣሳ ይዛ ማን ናቸው ብላ ጠየቀችኝ፣ እኔም አላውቃቸውም አልኳት።